በሩን የመስበር ሥልጣን የማን ነው?

የቤቴ በር የተንኳኳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። ስከፍት የመሥሪያ ቤታችን የጥበቃ ሠራተኛ ልጅ ቆሟል፤ የማዳበሪያ ከረጢት እንደ ገሣ ተከናንቧል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። «እትዬ፣ አባባ ቶሎ ይድረሱ ብሏል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ውሃ ይጮኻል» አለኝ። ወሩ ሐምሌ ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከምሽት ጀምሮ ሲወርድ አምሽቷል፤ መብራት ከጠፋም ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ይህ የሆነው ከጮቄ ተራራ ሥር ባለ አንድ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ፣ የገጠር መሬት መዝገብ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ነው። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፣ ጥፋቱም የአንድ ሰው አልነበረም። ጮቄን የሚያውቅ ሰው ክረምቱን አይረሳውም። ተራራው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ሥሩ ያሉት ከተሞች ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማያቸው አይከፈትም። እንዲህ ባለ አገር የሚሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዝናብ ድንገት ደረሰብኝ ሊል አይችልም። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ድንገት ደርሶብን ነበር።

ግቢው ስደርስ ጥበቃው ባትሪ ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ውሃው ከኮርኒሱ እየተንዠቀዠቀ ወለሉን ሲመታ ይሰማል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ተመልሷል። ከግቢው በላይ ያለው ቦይም በፌስታል ታፍኖ ኖሮ ጎርፉ በበሩ ሥር ይገባል።

«ልጄ፣ ቁልፉ የት ነው?» አሉኝ።

ቁልፉ ሁለት ነበር። አንዱ ከሥራ ሂደት አስተባባሪው ጋር ነው፤ እርሱ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄዷል። ሁለተኛው መጠባበቂያ ተብሎ በንብረት ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ መሳቢያው ተቆልፏል፣ የንብረት ክፍሉም በር ተቆልፏል፣ የንብረት ኃላፊዋም ለለቅሶ ወደ ቢቸና ሄዳለች። ለአስተባባሪውም ሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መደወል አልተቻለም። የእኔ ስልክ ባትሪ ከምሽት ጀምሮ አልቋል፤ የጋሼ ስልክ ቢሠራም የማንም ቁጥር አልተመዘገበበትም። የሁሉም ቁጥር ያለው በሞተው ስልኬ ውስጥ ነበር።

ጋሼ ከጥበቃ ጎጇቸው ምሳር ይዘው መጡ። «ልስበረው?» አሉ።

እምቢ አልኳቸው።

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህን ጽሑፍም የምጽፈው ስለ እርሱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያደገ ሰው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያስብ ያውቃል። በሩ በማኅተም የታሸገ ነው። ነገ አንድ መዝገብ ቢጎድል የሚጠየቀው በሩን የሰበረው ሰው ነው። የኦዲት ሰው ሲመጣ «ማን ፈቀደልሽ?» ይላል። ውሃ ማንንም በኃላፊነት አይጠይቅም፤ የተሰበረ ቁልፍ ግን ይጠይቃል። እናም ሁለታችን ምሳሩን መሬት ላይ አስደግፈን፣ ውሃው መዝገቡን ሲበላ እየሰማን ቆምን። ልጁ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ የኃላፊውን ቤት ፈልጎ አግኝቶ ኃላፊው ሲደርሱ ጎሕ ቀዶ ነበር። እርሳቸውም ያሉት አንድ ቃል ነው፤ «ስበሩት!» አራት ሰዓት ያህል የጠበቅነው ያንን አንድ ቃል ነበር።

በሩ ሲከፈት ልሮጥ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «መጀመሪያ ቆጣሪው» አሉ። መብራት የለም እኮ ስላቸው «የለም፤ ግን መምጫው አይታወቅም» ብለው ሄደው ማብሪያውን አወረዱ። ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚት ያልፋል፤ የኮምፒውተሩ ገመድና ማከፋፈያው በውሃው ውስጥ ተኝተዋል። መብራቱ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ መጣ። እኛ ያን ጊዜ ውስጥ ነበርን።

በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ስሰማ ያ ክንዴን የያዘኝ እጅ ትዝ አለኝ። ከ200 በላይ ሰዎች ካለቁበት ከዚያ አደጋ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። የእኛ አገር ሰው ኡኡታ ሲሰማ ቆሞ አያይም፤ ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ለዚህም ነው ሮጦ የሚመጣውን ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ቆጣሪው» የሚል፣ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ መሰየም ያለበት። በእኛ ቤት ያ ሰው የጥበቃ ሠራተኛው እንዲሆን በኋላ በጽሑፍ ወስነናል። ኃላፊውም ቢሆኑ ያለ እርሱ ፈቃድ አይገቡም።

መዝገቦቹን ላሳያችሁ። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍታው አንድ ጋት አይሞላም ነበር፤ ስለዚህ ከታች ያሉት ትልልቅ ጥራዞች በሙሉ ውሃ ውስጥ ናቸው። አንዱን ሳነሣው እንደ ሕፃን ከበደኝ። ገጾቹ ትኩስ እንጀራ በሞሰብ ተደራርቦ ሲያድር እንደሚጣበቀው ተጣብቀዋል። በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም፣ የአዋሳኝ ስምና የማሳው ስፋት ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ የማኅተሙ ቀለም ግን ወጥቶ ገጹን ሐምራዊ አድርጎታል። አንድ ገጽ በጣቴ ልላቅቅ ሞከርኩ። ግማሹ በእጄ ቀረ። በዚያ ግማሽ ላይ የአንድ ሰው የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

ከዚያ በኋላ እየተሳሳትን የተማርነውን ልንገራችሁ፤ እናንተ መሳሳት የለባችሁም። እርጥብ ወረቀት ከሁለት ቀን በኋላ ሻጋታ ማውጣት ይጀምራል፤ ስለዚህ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። የተጣበቀ ገጽ በጉልበት አይላቀቅም፤ ውሃው ሲወጣለት ብዙው ራሱ ይለቃል። ጥራዙ ቀጥ ብሎ ይቆምና ገጾቹ እንደ ማራገቢያ ይከፈታሉ፤ በየ20 ገጹ መካከል ውሃ የሚመጥ ነገር ይገባና በየሰዓቱ ይቀየራል። ማንኛውም ሰው ገጹን ከመንካቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ በኋላ ቢቀደድ እንኳ ጽሑፉ ይተርፋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ቀለሙንም ይበላዋል። እሳት ማስጠጋትማ አይታሰብም።

አንድ ባልደረባችን መዝገቦቹን ወዳሰጣንበት አዳራሽ የከሰል ማንደጃ እናስገባ ብሎ ነበር፤ ሐምሌ ስለሆነ ፀሐይ የለም፣ አየሩም ራሱ እርጥብ ነው። ያልፈቀዱት አሁንም ጋሼ ናቸው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድል፣ ወረቀት በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ከውሃ የተረፈውን እሳት እንደሚበላው ነገሩን። ስለዚህ የአዳራሹን መስኮቶች ግራና ቀኝ ከፍተን ነፋስ አሳለፍን፤ መብራት ሲኖር ከአንድ ማሠልጠኛ የተዋስነውን ማራገቢያ ወረቀቱ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙረን አሠራን። የሚመጥ ወረቀት አልነበረንም። ሶፍት ከየሱቁ ለቅመን ገዛን፤ ሴቶቹ ሠራተኞች ያረጀ ነጠላ ከየቤታቸው አመጡ። የጥጥ ነጠላ ከሶፍቱ የተሻለ ውሃ እንደሚመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የደረቀውንም ያልደረቀውንም እኩል ስንይዝ ውለን ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት ወጣት ባልደረባችን «ቅጂ ያለውን ለምን እናደርቃለን?» ብላ ጠየቀች። ትክክል ነበረች። ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለውን መዝገብ ብቻ ለይተን ወደ ፊት አመጣን፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውንና የድሮ ደብዳቤውን ለመጨረሻ ተውነው። የትኛው መዝገብ ቅጂ እንዳለው ግን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ያንን ለመለየት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዛሬ ያ ዝርዝር አንድ ገጽ ሆኖ በበሩ ጀርባ ተለጥፏል።

ከውሃው በላይ የጎዳን ግን ዝምታችን ነው። መግለጫ የመስጠት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ አልታወቀምና ሁላችንም ዝም አልን። ኃላፊው ከዞን መመሪያ ይጠብቃሉ፣ ዞኑ የጉዳት ሪፖርት ይጠብቃል፣ ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ አዳራሹ ውስጥ ነጠላ እጨምቃለሁ። በአራተኛው ቀን የገበያ ቀን ሆነ። ገበያው ላይ የተወራው «መዝገቡ ጠፍቷል፤ መሬት እንደገና ሊደለደል ነው» የሚል ነበር። ጎጃም ውስጥ ይህን ወሬ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬው ሰው አላስረዳም። በዚያው ቀን ግቢያችን በሰው ተሞላ። ከአዋሳኙ ጋር ክርክር የነበረበት ሁሉ ጉዳዩ እንደ አዲስ የተከፈተ መሰለው።

አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸዋል። አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሻሽ፣ ሻሹን በመቀነታቸው ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ሲፈቱት ደብተሩ እንደ ዕለቱ አዲስ ነው፤ የባለቤታቸው ፎቶና የእርሳቸው ፎቶ ጎን ለጎን። «ልጄ፣ መሬቴ አለ?» አሉኝ። «አለ፤ ደብተርዎ በእጅዎ እስካለ ድረስ አለ» አልኳቸው። ያን መልስ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁሉም ቀበሌ ልንናገረው እንችል ነበር። አንድ አዛውንት ከኋላ ሆነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ ሰማሁ። ልክ ናቸው።

በማግሥቱ ኃላፊው ደፍረው ለመናገር ወሰኑ። ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንዳልተበላሸ፣ ምን እንደምናደርግና መቼ ተመልሰን እንደምንናገር በአራት ዐረፍተ ነገር ጻፍን። ጽሑፉ ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነበበ፤ በመስጊዱም፣ በዕድሮችም እንዲሁ። የዕድር ጥሩምባ ነፊው ሰው ከማንም ካድሬ በላይ እንደሚሰማ ያን ጊዜ አየሁ። «የማናውቀውን ቅዳሜ እንነግራችኋለን» ብለን ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት አዲስ ነገር ባይኖርም ወጥተን «እስከ አሁን አዲስ ነገር የለም» አልን። ወሬውን ያበረደው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ሰው በቀጠሮው መገኘታችንን አየ።

መዝገቡን መልሰን የሠራነው በገበሬው ደብተር ነው። በክልላችን የመሬት ምዝገባው በ1990ዎቹ ሲጀመር ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ወረዳ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ገበሬው ደብተሩን እንደ ልጁ ነው የያዘው። ደረሰኝ እየሰጠን በየተራ ተቀበልን፣ ከተረፈው ገጽ፣ ካነሣነው ፎቶና በአንዳንድ ቀበሌ ኮሚቴዎች እጅ ከነበረ ቅጂ ጋር አመሳከርን፣ በዚያው ቀን መለስን። ደብተር በእኛ ዘንድ እንዳያድር የወሰንነው ሌላ ሌሊት ዝናብ ቢመጣ ብለን ነው። ሥራው ወራት ፈጀ። ሕዝቡ የያዘው ቅጂ ከመንግሥት መዝገብ ቤት ይልቅ በጥንቃቄ ተጠብቆ መገኘቱን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል።

ለምን እንዲህ ሆንን ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። በጎጃም «አደጋ» ሲባል ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ድርቅ ነው፤ ድርቅ ደግሞ የሌላ አገር ጉዳይ ይመስለናል። እኛ ጤፍ የምናበቅል፣ በ1977 ድርቅ ከወሎና ከሌላም ቦታ የመጣው ወገን ያኔ የጎጃም ክፍል በነበረው መተከል፣ ፓዊ ሲሰፍር ያየን ሰዎች ነን። የመንግሥቱም ተቋም የተወለደው ከረሃብ ነው፤ በ1966 የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1987 አደጋ መከላከልና ዝግጁነት፣ በ2008 ደግሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ሆነ። በ2005 የወጣው ፖሊሲ እርዳታን ከማከፋፈል ይልቅ ስጋትን አስቀድሞ ወደ መቀነስ እንሂድ ይላል፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትም የየዘርፉን ስጋት እንዲይዝ ይጠብቃል። ወረዳው ላይ ግን «አደጋ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ሳይነበብ ወደ አንድ ቢሮ ይመራ ነበር፤ ስንዴ ወደሚታደልበት ቢሮ። የመዝገብ ቤት አሸንዳ አደጋ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የአሸንዳው ጥገና ግን ተጠይቆ ነበር። መጋቢት ላይ እኔው ራሴ ጽፌያለሁ። በዚህ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ቁስል ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ሰኔ ላይ ፋይናንስ ሒሳብ ለመዝጋት ይሯሯጣል፣ ግዥ ይቆማል፤ ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ገና ተደልድሎ አልወረደም። ጎርፉ፣ በረዶው፣ ናዳውና የውሃ ወለድ በሽታው የሚመጡት በእነዚሁ ሁለት ወራት ውስጥ ነው። ማለትም በየዓመቱ፣ በአደጋው ወቅት፣ እጃችን ባዶ ነው። ይህን ካየን በኋላ የክረምት ዝግጅት የሚባለውን ሁሉ ወደ ሚያዝያ አመጣነው፤ አሸንዳ፣ ቦይ፣ ላስቲክ ሸራ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አካፋ፣ ጓንት። ግንቦት 15 ካለፈ የተገዛ ነገር እንደሌለ እንቆጥረዋለን። የግዥ ሕጉ ለአስቸኳይ ሁኔታ ያለ ጨረታ በቀጥታ የሚገዛበትን መንገድ እንደሚፈቅድም አውቀናል፤ ግን ማን እንደሚያጸድቅ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያዝ ከፋይናንስ ጋር በበጋ ተነጋግሮ መጨረስ ያስፈልጋል። በጎርፉ ቀን ሕግ መተርጎም አይቻልም።

የሁሉም ሥር ግን ያ ምሳር ነው። ዕቅድ ነበረን፤ ባለ ብዙ ገጽ፣ ማኅተም ያረፈበት። «የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል» ይላል። በዚያ ሌሊት የሚመለከተው አካል እኔና ጋሼ ነበርን፤ አስፈላጊው እርምጃ ደግሞ በር መስበር ነበር፤ ወረቀቱ ግን ይህን አይነግረንም። ስለዚህ አዲሱን ዕቅድ ስንጽፍ «የሚመለከተው አካል» የሚለውን ሐረግ ከለከልን። በየመስመሩ የሥራ መደብ መጠሪያ ይቀመጣል፤ እርሱ ባይገኝ ቀጣዩ፣ እርሱም ባይገኝ ሦስተኛው። ሦስቱም በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኙ ውሳኔው በቦታው ላለው ሰው ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛም ቢሆን። ከሥሩም ኃላፊው የፈረሙበት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ሕይወትን ወይም የሕዝብ መዝገብን ለማዳን በቅን ልቦና በር የሰበረ ሠራተኛ በንብረት ጉዳት አይጠየቅም ይላል። ያ ዐረፍተ ነገር ለማጸደቅ ሦስት ወር ፈጅቷል፤ የሕግ ባለሙያ አይቶታል፣ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አንዲትም ሳንቲም ግን አላስወጣንም።

መጠባበቂያ ቁልፉን በማኅተም በታሸገ ፖስታ አድርገን ለፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ተረኛ ሰጠን፤ ሌሊትም ቀንም ሰው የማይታጣበት ቤት እርሱ ብቻ ነውና። የስልክ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈን በላስቲክ ሸፍነን የጥበቃ ጎጆው ውስጥ ለጠፍን፤ ኔትወርክ ለማይሠራበት ጊዜ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ቤት የት እንደሆነ ምልክቱ ተጽፏል። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር»፣ እንደዚህ። መደርደሪያው ሁለት ስንዝር ከፍ አለ። የመዝገቡ ፎቶ በሁለት ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጣል፤ በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል ከፍተን እናያለን፤ ያልተከፈተ ቅጂ አለ ብሎ መናገር ስለማይቻል።

ከዚያ ተለማመድን። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ኃላፊውና ጋሼ ብቻ እያወቁ፣ «ውሃ ገብቷል» ተብሎ ተጠራን። በሩ እስኪከፈት 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ። ፖስታው ውስጥ ያለው ቁልፍ አልከፈተም፤ በመሐል ቁልፉ ተቀይሮ ፖስታው አልተቀየረም። የባትሪው ድንጋይ አልቋል። ቅር ያላቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ በእንቅልፍ ሰዓት ለጨዋታ ጠራችሁን አሉ። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት፤ ያ ቁልፍ ሐምሌ ላይ ቢሆን ኖሮ ያልከፈተው ብዬ። በሁለተኛው ልምምድ 25 ደቂቃ ሆነ።

ልምምዱ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ውይይት ከልምምዱ እኩል ከባድ ነው። በእኛ አገር «ግምገማ» የሚለው ቃል ሰውን ያስፈራል፤ ጥፋተኛ የሚፈለግበት መድረክ ሆኖ ኖሯል። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም ሰው ራሱን ሲከላከል ዋለ፤ ቁልፉ መቼ እንደተቀየረ እንኳ ማወቅ አልተቻለም። በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉን ራሱን ተውነውና ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዘን ገባን፤ ምን ሆነ? ምን ይሆናል ብለን ጠብቀን ነበር? በመካከሉ ያለው ልዩነት ከየት መጣ? የሰው ስም መጥራት የለም። መጀመሪያ የተናገሩት ኃላፊው ናቸው፤ ስልካቸውን ሌሊት እንደሚያጠፉ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ያወቀውን አወጣ። የዲሲፕሊን ጉዳይ ካለ በሌላ ቀን፣ በሌላ ክፍል ይታያል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር ያ ወረቀት ለውሃ ብቻ እንዳልተጻፈ አየን። በዚያው ወር መገባደጃ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በጥሊሊ እንቅስቃሴ ታገደ፤ ዜናው በአንድ ሌሊት ወደ እኛ ደረሰ። ግማሹ ሠራተኛ ቤቱ እንዲቆይ ሲታዘዝ ሦስት ደረጃ ተተኪ አስቀድሞ ተሰይሞ ስለነበር ማን ይፈርማል የሚል ጥያቄ አልተነሣም። የትኛው አገልግሎት ፈጽሞ አይቋረጥም የሚለውን ግን አላሰብነውም ነበር፤ በሁለት ቀን ወሰንን። የእርሻ ወቅት እየመጣ ነው፤ የመሬት ኪራይ ውልና ለፍርድ ቤት የሚሰጥ ማስረጃ ቢቆም ማሳ ጦሙን ያድራል፣ ክርክርም ወደ ዱላ ይሄዳል። እነዚህን ሁለቱን ይዘን ሌላውን አዘገየን። በመስኮት አስተናገድን፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ሁለት እርምጃ እየለካን ድንጋይ አስቀመጥን፤ በሩ ላይ ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና፣ ከጎኑም ነፃውን የ8335 ስልክ ቁጥር በትልቁ። ወሬም አልቀደመን። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የምንዘጋውንና የማንዘጋውን በዕድሮች በኩል አስነገርን።

የሚያፈርሰን ነገር ሹም ሽሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ኃላፊ ተቀይሯል፣ አስተባባሪ ተቀይሯል፣ ጋሼም ጡረታ ወጥተዋል። ዕቅዱ በሰው ስም የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አብሯቸው ይሄድ ነበር። አሁን በርክክብ ቅጹ ላይ ከወንበርና ከኮምፒውተር ቁጥር ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «የአደጋ ጊዜ ተግባሬን አንብቤ፣ ቁልፉን ሞክሬ ተረክቤያለሁ»። ሳይፈረም ርክክቡ አያልቅም።

አዲስ ሠራተኛ ወደ ክፍላችን ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን አንድ ነው። ያን ሐምራዊ ጥራዝ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደርግለታለሁ፤ ግማሹ የቀረውን ገጽ፣ አሻራውን፣ በላዩ ላይ የለጠፍነውን ቀጭን ወረቀት በእጁ እንዲነካው እነግረዋለሁ። ከዚያ አብረን ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን፤ ተረኛው ፖስታውን ያሳየናል፣ ማኅተሙን አይተን፣ ቀኑን ጽፈን፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። በመመለሻችን ላይ የጥበቃ ጎጆው ጋ ቆመን ምሳሩ የት እንዳለ አሳየዋለሁ።